አንዲቷን ለራስህ

ፓንፊሎን በእባብ ያዥነት የሚስተካከለው ሰው በተራራማዋ መንደር በሮካቬርና አልነበረም። ይህን የሚለው እሱ ብቻ ቢሆን ማን ይሰማው ነበር! ግን ተቀናቃኙ ሎሬቶም ሁለት ብርጭቆ ወይን ከቀመሰ በኋላ ያምንለታል። ሌላ አገር እባብ ሲታይ ዱላ ይነሳል። እዚህ ተራራ ላይ ግን በረዶው ቀልጦ ፀሐይ ካቡን ማሞቅ ስትጀምር፣ ወንዱም ሴቱም ከረጢት ይዞ በየድንጋዩ ስር ሲያማትር ይውላል። የተያዘው እባብ እስከ ግንቦት መባቻ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ይቀለባል። በዓሉ ሲደርስ ከእንጨት የተቀረጸው የቅዱሱ ምስል ከቤተ ክርስቲያን ይወጣና እባቦቹ አንገቱና ትከሻው ላይ ይደረጋሉ፤ መንደሩን ዞሮ ከገባ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ እባብ ወደተያዘበት ካብ ይመለሳል። ቅዱሱ ከእባብ ንክሻና ከጥርስ ሕመም ይጠብቃል። አላምንም የሚል ካለ ጥርሱን ይመመውና ይየው።

መጋቢት ላይ አንድ ማለዳ የፓንፊሎ በር ተንኳኳ። ሲከፍት የእረኛው የትራይቼ ልጅ ቢልያና ቆማለች። አንድ የትራስ ልብስ በሁለት እጇ አቅፋለች፤ የትራስ ልብሱ ይንቀሳቀሳል።

«አባባ ፓንፊሎ፣ እባብ ያዝኩ።»

«ማን አስያዘሽ?»

«ማንም። ብቻዬን ነው የያዝኩት።»

«መርዘኛ ቢሆንስ ኖሮ? አንቺ ቅብጥብጥ!»

«መርዘኛ አይደለችም። አራት መስመር አላት። አራት መስመር ያላት ገራም ናት ብለህ ስትናገር አምና በዓል ላይ ሰምቼሃለሁ።»

ፓንፊሎ የትራስ ልብሱን አፍ ከፍቶ ወደ ውስጥ አየና ክው አለ። ዕድሜ ልኩን ካብ ሲፈትሽ የኖረ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለች እባብ ያየው ግን ምናልባት ሁለቴ ነው። ወርቅማ ቡናማ ናት፤ ከአንገቷ እስከ ጅራቷ አራት ጥቁር መስመር ወርዶባታል፤ ብትዘረጋ ከልጅቷ ቁመት ትበልጣለች።

«የት ነው ያገኘሻት?» አለ ሳያስበው።

«አልናገርም» አለች ቢልያና።

የፓንፊሎ ሳቅ አመለጠው። እባብ የያዙበትን ቦታ ለማንም አለመናገር የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ነው፤ ይህችን ግን ማንም አላስተማራትም። «እሰይ የኔ ልጅ! ግቢ» አላት።

ትራይቼ ከሚስቱ ጋር ከመቄዶንያ መጥቶ የሰው በግ የሚጠብቅ ሰው ነው። ቢልያና አብራው ስትመጣ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን አሥራ ሁለት ሞልቷታል። የመንደሩን ቋንቋ ከመንደሩ ልጆች አስበልጣ ታቀላጥፈዋለች፣ ስድቡን ጭምር። ሰው ግን አሁንም «የባዳዎቹ ልጅ» ነው የሚላት። በክፋት አይደለም፤ በልማድ ነው። ልማድ ደግሞ ከክፋት ይብሳል፤ ክፉ ሰው እንኳ አንዳንዴ ይጸጸታል።

«አባባ» አለችው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «እባቤ ቅዱሱ ላይ ከወጣች እኔም የዚህ አገር ሰው ሆንኩ ማለት ነው አይደል?»

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«እኔው ነኝ ያልኩት። የቅዱሱን እባብ የያዘችን ልጅ ባዳ ናት ማለት እንዴት ይሆናል?»

ልጅቷ ነገሩን አብሰልስላ ነው የመጣችው። የዚያን ዕለት ጠዋት ፓንፊሎ፣ እባቧን ለበዓሉ በደህና አደርስልሻለሁ ብሎ ቃል ገባላት።

ችግሩ መያዝ ታውቃለች እንጂ ማኖር አታውቅም። ሁለት ቀን አሳልፎ ቤታቸው ሲሄድ ያየው ጉድ ነው። የእባቧ ሳጥን የጋለ ምድጃ ላይ ተለጥፏል። በውስጡ አንድ ጎድጓዳ ሳህን የበግ ወተት ተቀምጧል። እባቧ ራሷ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ የለችም፤ ቢልያና እንደ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠምጥማት ለዶሮዎቹ ጥሬ ትበትናለች።

«ምን ጉድ ነው ይሄ!» አለ ፓንፊሎ ራሱን ይዞ። «እባብ ነው የምታኖሪው ወይስ ሥጋ ነው የምትጠብሺው? አርቂው ከምድጃው!»

«በረዳት ብዬ እኮ ነው።»

«ወተቱስ?»

«እባብ ወተት ይወዳል ይላሉ።»

«የሚሉትን ሁሉ ከሰማሽማ እኔንም ጠንቋይ ነው ይሉኛል። ውሃ ስጫት፣ ንጹሕ ውሃ። ወተት ሆዷን ነው የሚያበላሸው። አሁን ደግሞ ከአንገትሽ አውርጃት፤ ጌጥ አይደለችም።»

ይህን ጊዜ ትራይቼ ከበሩ ብቅ አለ። ከእባቧ ሦስት እርምጃ ርቆ ነው የቆመው። «ጋሼ ፓንፊሎ፣ እባክዎን ይህችን አውሬ ይውሰዱልኝ። ሌሊት ወጥታ በጎቼን ትጠባብኛለች። እኛ አገርም እንዲህ ይላሉ፣ እዚህም እንዲህ ይላሉ። ሁለት አገር ተስማምቶ ይዋሻል?»

«በምኗ ትጠባለች? ከንፈር አላት እንዴ? ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ አንተ ነህ፤ ወተቱ ሲጎድል በእባብ ታሳብባለህ።»

ትራይቼ ሳቀ። እባቧም በዚያው ቀረች።

ከዚያ በኋላ ፓንፊሎ በየቀኑ ማለት ይቻላል ወደ እረኛው ቤት ይመላለስ ጀመር። ሳጥኑን ራሱ አስተካከለው። ታቹ ፉሩሽካ ተነጠፈበት፤ አንዱ ጥግ ሞቅ፣ ሌላው ጥግ ቀዝቀዝ እንዲል ተደረገ። «ሰው እንኳ ሲሞቀው እግሩን ከብርድ ልብስ ያወጣል፤ እሷም መምረጫ ትፈልጋለች» አላት። አንድ ሻካራ ድንጋይ አስገባ፤ መደበቂያ እንዲሆናት የተሰበረ ሸክላ ደፋላት። ከስር በሁለት እጅ ደግፎ ማንሳትን፣ አንገቷን አለማነቅን፣ አይጥ የነካ እጅ ሳይታጠቡ ወደ ሳጥኑ አለመስደድን አስተማራት። ከሁሉ የከበዳት ግን አለመንካቱ ነበር።

«ትንሽ ልያዛት አባባ፣ ትንሽ ብቻ።»

«አትያዣትም። እሷ አንቺን አትወድሽም፤ እውነቱን ልንገርሽ። አትፈራሽም ከተባለ ትልቅ ነገር ነው። ውሻ መስላሻለች? ከወደድሻት ተያት።»

ቢልያና ታኮርፋለች፤ ከዚያ ደግሞ መልሳ ትጠይቃለች። ጥያቄዋ ማለቂያ የለውም። ሚስቱ ከሞተችበት ጀምሮ ጢሙን በሳምንት አንዴ ይላጭ የነበረው ሰው በየጠዋቱ ይላጭ ጀመር። የገዛ ልጁ ቶሪኖ ከተማ ነው የሚኖረው፤ በዓመት አንዴ ቢደውል ነው። እና ይህች ልጅ «አባባ» ስትለው ደስ ይለው ነበር፤ በጣም ደስ ይለው ነበር። ታዲያ እንደዚያ ደስ እያለው ነው ያን ያደረገው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮካቬርና ላይ እባብ ያዥ ተማሪ ሲይዝ ሁሉን ያስተምራል፤ አንዲት ነገር ግን ለራሱ ያስቀራል። «አንዲቷን ለራስህ» ይሉታል። በሦስተኛው ዓመት፣ ተማሪው ሲፈተን ከርሞ ሰው ከሆነ በኋላ፣ ያቺ የቀረችው ነገር ወይን ተቀድቶ ትነገራለች። ሙያው እንዳይረክስ ነው ይላሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ቅናት ነው፣ የክት ልብሱን የለበሰ ቅናት። ግን ፓንፊሎን አባቱ እንዲህ አድርጎታል፤ ሎሬቶንም አጎቱ እንዲህ አድርጎታል። ማንም አልሞተበትም ይላሉ።

ፓንፊሎ ለራሱ ያስቀራት ነገር ይህች ናት፤ በዓሉ ሳምንት ሲቀረው እባብ አይበላም። የበላ እባብ ከተንገላታ ያስመልሳል። ይህችን የመረጠው አስልቶ ነው። የቢልያና እባብ ከተያዘች ጀምሮ አንዲት አይጥ አልቀመሰችም፤ ስለዚህ ባይነግራትም ጉዳት የለውም። ባህሉም ይጠበቃል፣ ልጅቷም አትጎዳም። ብልጠት አይሉት ሞኝነት!

ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ቢልያና እያለቀሰች መጣች። የእባቧ ዓይን ወተት መስሏል።

«ልትታወር ነው አባባ! እኔ ነኝ ያጠፋኋት!»

«ዝም በይ፣ ዝም በይ። አልታወረችም። ቆዳዋን ልትቀይር ነው። የዓይኗም ቆዳ አብሮ ይወልቃል፤ ለዚያ ነው የደፈረሰው።»

«ያማታል?»

«ይጨንቃታል እንጂ አያማትም። አንቺም አዲስ ጫማ ስትለምጂ ይጨንቅሻል። ለብ ያለ ውሃ አስቀምጪላት፤ ሳጥኑን በጨርቅ ሸፍኚው፤ ድርሽ እንዳትዪባት። ለመብላትም አትገፋፊያት፤ ዓይኗ ሳይጠራ አትበላም።»

ልጅቷ የተባለችውን ሁሉ አደረገች። ትራይቼ እንደሚለው በቤቱ ውስጥ በእግር ጣቷ ነበር የምትሄደው፤ እሱንም ጮክ ብሎ እንዳያስነጥስ ትቆጣው ነበር።

በዓሉ ጥቂት ቀን ሲቀረው ፓንፊሎና ሎሬቶ አደባባዩ ላይ፣ ቡና ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው ሳለ ቢልያና በቁልቁለቱ እየሮጠች መጣች። አንድ ስስ፣ የሚያበራ ነገር በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛለች።

«አባባ! ቀየረች! ሙሉውን፣ ዓይኗ ሳይቀር!»

ፓንፊሎ ቆዳውን ተቀብሎ ወደ ፀሐይ ዘረጋው። አንድም ቦታ አልተቀደደም። የሁለቱ ዓይኖች ክብ ሽፋን በቦታቸው አለ። እሱ ራሱ ይዟቸው ከነበሩት እባቦች ግማሾቹ እንዲህ አጥርተው አልቀየሩም። ልቡ በኩራት ሞላ፤ ልጅቷ ተምራለች። ወዲያውም አንድ ነገር ትዝ አለው። ቆዳዋን የቀየረች እባብ ትራባለች፤ ያውም ወር ሙሉ ያልበላች ከሆነች ጫማም ብትሰጧት ትውጣለች። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ እንዳታበያት፣ ሊል ነው።

«ኧረ ፓንፊሎ!» አለ ሎሬቶ ብርጭቆውን አስቀምጦ። «ሁሉንም አፍስሰህ ጨረስክላት መሰለኝ። የአባትህን ርስት ለመቄዶኖች ማውረስ ጀመርክ?»

ከውስጥ ተቀምጠው ካርታ የሚጫወቱት ሳቁ። ፓንፊሎ ፊቱ ቀላ፤ ቃሉን ዋጠው።

«ሂጂ፣ አሳርፊያት» አላት ብቻ።

ነገ ሄጄ እነግራታለሁ ብሎ አሰበ፤ ብቻዋን፣ ማንም ሳይሰማ። በማግስቱ ግን የምስሉን ቃሬዛ አጠናክር ተብሎ ተጠራ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ጉልበቱን አመመው። ነገ የምትባል ቀን ስንቱን ሰው ጉድ ሠርታለች!

የበዓሉ ጠዋት ቢልያና ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ከረጢቷን አቅፋ ስትጠብቅ አገኛት። ነጭ ሸሚዝ ለብሳለች፤ እናቷ ፀጉሯን ጎንጉናታለች።

«የት ጠፋህ አባባ? የምሥራች አለኝ።»

«ምን?»

«ከበዓሉ በኋላ ነው የምነግርህ። ደስ ይልሃል።»

የበዓሉ አለቃ ኤርሚንዮ እባቦቹን አንድ በአንድ አየ። የቢልያናን ሲያወጣ ዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ «ውይ!» አለ። አዲሱ ቆዳዋ ዘይት የተቀባ ይመስላል።

«ይህቺ አንገቱ ላይ ትሁን፣ መጀመሪያ» አለ ኤርሚንዮ። «የማን ናት?»

«የቢልያና!» አለ ፓንፊሎ ጮክ ብሎ።

«የቢልያና!» አለ ሰው ተቀብሎ። አጨበጨቡ። የማያውቋት እንኳ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። አንዲት አሮጊት «የማን ልጅ ናት?» ብላ ስትጠይቅ ሌላዋ «የእኛው ናት፣ የላይኛው ጉረኖ ልጅ» ብላ መለሰችላት። ቢልያና ሰማች። መስማቷን ፓንፊሎ ከፊቷ ላይ አይቷል፤ ያን ፊት ነው ዛሬም ድረስ የማይረሳው።

የመለከት ባንዱ መታ። ተሸካሚዎቹ ምስሉን ከፍ ሲያደርጉት እንደ ሁልጊዜው ወዲያና ወዲህ ተንገዳገደ። አንገቱ ላይ ያለችው እባብ አናቷን አነሳች፤ ሰውነቷ ኮማተር፣ ዘርጋ፣ ኮማተር አለ፤ አፏን ከፈተች። ሁለት እርጥብ አይጦች አንዱ በአንዱ ላይ ሆነው በቅዱሱ ደረት ላይ ወረዱ፤ ከዚያም በወርቁ ልብስ ላይ ተንሸራተው መሬት ላይ ጠብ አሉ።

መለከቱ በመሃል ተቋረጠ። ሰው ሁሉ ማማተብ ጀመረ። «ቅዱሱ ተቆጣ!» አለች አንዷ። «ለባዳ እጅ ሲሰጡት ምን ይሁን!» አለ አንድ ወንድ ከኋላ። ቅድም «የእኛው ናት» ያለችው አሮጊት ፊቷን አዞረች። ኤርሚንዮ እባቧን በእጁ አንስቶ ለልጅቷ መለሰላት፤ ቄሱ በመሐረባቸው የቅዱሱን ደረት ጠረጉ፤ ሰልፉ ቀጠለ።

ሰልፉ ገብቶ ሲያበቃ ኤርሚንዮ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ጠራቸው፤ ፓንፊሎን፣ ሎሬቶን፣ ቢልያናንና አባቷን። ትራይቼ ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል።

«አብልተሻታል?» አለ ኤርሚንዮ።

«አዎ፣ ትናንት ማታ። ሁለት አይጥ» አለች ቢልያና። ድምፅዋ በጭንቅ ነው የሚሰማው። «ከተያዘች ጀምሮ አልበላችም ነበር። ስትበላልኝ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነው።»

የምሥራቹ ይህ ነበር።

«እባብ ከበዓል በፊት ሳምንት ሙሉ እንደማይበላ አታውቂም?»

ኤርሚንዮ ወደ ፓንፊሎ ዞረ። «አልነገርካትም?»

አንድ ቃል ነበር የሚፈለገው። አልነገርኳትም ቢል ምን ይመጣል? ሎሬቶ ይሳለቃል። በቅዱሱ ላይ አይጥ ያስተፋው የፓንፊሎ ተማሪ ሳትሆን ፓንፊሎ ራሱ ነው ይባላል። ስሙ፣ ያ ዕድሜ ልኩን ያበጀው ስም፣ በአንድ ከሰዓት ይጠፋል። ይህን ሁሉ አስቦት ነው ማለት አይቻልም፤ ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ አያስብም። አፉ ቀደመው።

«ነግሬአታለሁ» አለ።

ቢልያና ቀና ብላ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። አባቷም አያት።

«አዎ፣ ነግሮኛል» አለች። «እኔ ነኝ የረሳሁት።»

ኤርሚንዮ ተነፈሰ። «በቃ፣ ልጅ ናት። ግን ከእንግዲህ እባብ አታመጪም። ትራይቼ፣ በደንብ ንገራት» ብሎ ወጣ። ሎሬቶም ተከተለው። ቢልያና ከረጢቷን አንስታ ከአባቷ ጋር ሄደች። ፓንፊሎ ሻማና አሮጌ ባንዲራ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ጫማ ጫማውን እያየ ቀረ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል የአገሬ ሰው። የመንደሩ ልጆች ቢልያናን ባገኙ ቁጥር «ዛሬስ ቅዱሱ ምን በላ?» ይሏት ጀመር። ሰኔ ላይ በረዶ ጥሎ ምስሩን ሲመታው በእሷ ተላከከ። ፓንፊሎ ሦስት ጊዜ ወደ ቤታቸው ሄደ፤ ያስመለሰች እባብ ቶሎ መብላት እንደሌለባት፣ ማረፍ እንደሚያስፈልጋት ሊነግራት ነው፣ እንዲያ ብሎ ነው ለራሱ ምክንያት የሰጠው። ሦስቴም እናቷ በትሕትና «በጎቹ ጋ ናት» ብላ መለሰችው። እባቧን ወደ ያዘችበት ካብ መልሳታለች፤ የት እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። ፓንፊሎ ጢሙን መላጨት ተወ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለው «ነግሬአታለሁ» የሚለው የገዛ ድምፁ ይሰማዋል፤ አፈር ልብላ ያን ጊዜ ምን ነካኝ ይላል። ብሎ ብሎም አይወጣለትም።

መስከረም ላይ አንድ እሁድ ቡና ቤቱ በሰው እንደ ሞላ ገባና መሃል ላይ ቆመ።

«ስሙኝማ! ለዚያች ልጅ አልነገርኳትም። ነግሬአታለሁ ያልኩት ዋሽቼ ነው። አንዲቷን ለራሴ ብዬ ያስቀረሁት ያቺን ነገር ነበር።»

ሰማይ ይደፋብኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። ሎሬቶ ከካርታው ቀና እንኳ አላለም። «ጣል እንጂ፣ ተራው ያንተ ነው» አለው ከፊቱ ለተቀመጠው።

ኤርሚንዮ ግን ፈገግ አለ። «ፓንፊሎ፣ ይህን ለመናገር ነው እንዲህ ላብ በላብ የሆንከው? ያን ዕለትም አውቀን ነበር እኮ። አንዲቷን ለራሱ ያላስቀረ ማን አለ?»

«ካወቃችሁ ለምን ዝም አላችሁ?»

«አንተ ነግሬአታለሁ አልክ፣ እሷ ነግሮኛል አለች። እኛ ምን እንበል?»

«እንግዲያውስ በድያታለሁና ስሟን መልሱላት!»

«ታምጣ በቃ፣ በሚመጣው በዓል እባብ ታምጣ። ማን ከለከላት?» አለ ኤርሚንዮ። የከለከላት እሱ ራሱ እንደሆነ ረስቶታል።

ፓንፊሎ ወይን እንኳ ሳይጠጣ ወጥቶ ወደ ላይኛው ጉረኖ ዳገቱን ተያያዘው። ሲደርስ ቢልያና የአንዲት በግ እግር በጭኗ ይዛ ከሰኮናው መሃል ድንጋይ ታወጣለች። አድጋለች፤ በአንድ ክረምት እንዲህ ይታደጋል?

«እንደምን ዋሉ ጋሼ ፓንፊሎ» አለችው። አባባ አላለችውም።

«ለሁሉም ነገርኳቸው ልጄ» አለ ትንፋሹን ሳይሰበስብ። «ውሸቱ የኔ ነው አልኳቸው። ኤርሚንዮም ታምጣ ብሏል። በመጋቢት አብረን እንወጣለን። ቦታዎቼን አሳይሻለሁ፤ ሁሉንም፣ አባቴ ያሳየኝን ሳይቀር። ከእንግዲህ አንድም አላስቀርብሽም።»

እባብ ያዥ ከዚህ በላይ የሚሰጠው ነገር የለውም። ቢልያናም ይህን ታውቃለች።

«አመሰግናለሁ» አለች። «መጋቢት ላይ ግን በጎቹ ይወልዳሉ።»

«በጎቹን አባትሽ...»

«እኔ ነኝ የማዋልዳቸው አሁን።» በጓን ለቀቀቻት፤ በጓ እያነከሰች ሄደች።

ፓንፊሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ያን ዕለት ለምን ነግሮኛል አልሽ? ለምን ይህ ሽማግሌ ይዋሻል አላልሽም?»

ቢልያና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እንደዚያ ካልኩልዎት፣ እርስዎ ደግሞ 'ኧረ አልነገርኳትም፣ እኔን ለማዳን ነው' የሚሉ መስሎኝ ነበር። ጠበቅኩ። አቶ ኤርሚንዮ ከበሩ እስኪወጡ ጠበቅኩ። ቤት ገብቼም እስከ ማታ በር በሩን ሳይ ነበር፤ አሁን ይመጣል እያልኩ።»

ድምፅዋ ላይ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖር ይሻለው ነበር፤ የተቆጣን ልጅ ያባብሉታል። ትራይቼ ከማዶ ተጣራ፤ ልጅቷ «ደህና ይዋሉ፣ ሲወርዱ ድንጋዩ ይንሸራተታልና ይጠንቀቁ» ብላ በትሯን አንስታ ሄደች።

ፓንፊሎ ከዚያ ወዲህ ለጠየቀው ሁሉ አንዲት ሳያስቀር ያስተምራል፤ ላልጠየቀውም ያስተምራል። ሰው እስኪሰለቸው ድረስ፣ ቡና ቤት ውስጥ ላገኘው ሁሉ «ከበዓል በፊት አይበላም፣ ሰምታችኋል?» ይላል። ሎሬቶ ሙያውን አረከስከው እያለ ይሰድበዋል። ቢልያና ግን ለበዓል ወርዳ አታውቅም። ግንቦት መባቻ ላይ የባንዱ ድምፅ ወደ ተራራው ሲወጣ፣ መንጋዋን ሰብስባ ወደማይሰማበት ማዶ ታሻግራለች።